ግማሽ አድራሻ

ሐሙስ ማታ ነበር ሥርዓቱን ያደስሁት፣
«ልቀጥል ወይ?» ቢለኝ «አዎ»ን የነካሁት።
ሴጌድ፣ ከቲሳ ዳር፣ ከውሃ ልክ ቢሮ፣
የሌሊቱ ተረኛ እኔ ነኝ ዘንድሮ።

አሮጌው አስተርጓሚ አሥራ ዘጠኝ ዓመት
ሲተረጉም ኖሯል ያላንዳች ሐሜት፤
ከላይ ከየጣቢያው ቁጥር ሲላክለት
አንብቦ፣ ደምሮ፣
ለግድብ ጠባቂው «ነገ ይህን ያህል ይሞላል» ሲልለት።
አዲሱ ሥርዓት ግን ገና ሳይውል ሳያድር
አስተርጓሚው ወደቀ፣ አንድ ቃል ሳይናገር።
የተወልኝ ኑዛዜ አንዲት መስመር ብቻ፦
«ያልተፈቀደ ቦታ ተነካ።»
የማን ቦታ? ማን ነካው? እንጃ።

አስነሣሁት። ሄደ።
ሻይ አፈላሁ፣ ተቀመጥሁ።
ሰባት ደቂቃ ኖሮ ሞተ።
አስነሣሁት። ደግሞ ሞተ።
በአራተኛው አልሞተም፤ ይኼ ነው የከፋው፣
መጥቶ የሚሄድ ሕመም ነው ሐኪምን የሚያለፋው።

ያልጠረጠርሁት የለም።
የማስታወሻ ሰሌዳውን አንድ በአንድ ነቀልሁ፣
ጥርሱን በላጲስ ፈትጌ መልሼ ሰካሁ፤
ቤተ መጻሕፍቱን አጥፍቼ ዳግም ጫንሁ፤
የመብራት ኃይሉን፣ ጽዳት ሠራተኛዋን፣
ጨረቃዋን ሳይቀር ተጠያቂ አደረግሁ።

ኢልዲኮ ለፈረቃ ስትመጣ በንጋት፣
እርጥብ ጃንጥላዋን ከበሩ ስትሰቅላት፣
«ካርፓትያ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ» አለችኝ።
የሰማኋት መሰለኝ።
አልሰማኋትም።

ኮዱን የጻፈው ሰው ባሊንት ይባላል፣
ጡረታ ወጥቶ ማኮ ሽንኩርት ይተክላል።
ደወልሁለት።
«ስንት ነው?» አለኝ። «ምኑ?» «የወንዙ ከፍታ፤
በኖረ ቁጥር ስንት፣ በሞተ ቁጥር ስንት?
ጻፈው በተርታ።»
እኔ ማሽን ስነግረው እሱ ወንዝ ጠየቀኝ፤
አረጀ፣ ተምታታበት ብዬ ጥቂት አሳቀኝ።

ግን ጻፍሁት።
ወንዙ ዝቅ ባለበት ሰዓት ሁሉ ኖሯል፤
ወንዙ ከፍ ባለበት ሰዓት ሁሉ ሞቷል።
ዝናብ ሲበረታ ጣቢያው ሁሉ ይጮኻል፣ መረጃው ይበዛል፣
የታችኛው ጓዳ ሞልቶ ወደ ላይኛው ሰፈር ይወጣል።

ነገር ከሥሩ ነው፣ ውሃም ከጥሩ፤
እኔ ግን ከድፍርሱ ስቀዳ ነጋ ሌሊቱ በሙሉ።

ከሥሩ አንዲት መስመር፣ በባሊንት እጅ የተጻፈች፣
የስምንት ባይት አድራሻ በአራት ባይት ኪስ የምትይዝ ነበረች።
በድሮው ማሽን ላይ አድራሻም አጭር ነበር፣
ኪሷም ልኩ ነበር።
በአዲሱ አድራሻው ረዘመ፣ ኪሷ ግን አልረዘመ፤
ግማሹ ተቆርጦ ከደጅ ተጋደመ።
ታችኛው ሰፈር ውስጥ ግማሹም ይበቃል፣
የተቆረጠው ዜሮ ነው፤ መጉደሉን ማን ያውቃል?
ላይኛው ሰፈር ግን፣ በግማሽ አድራሻ
ሲያንኳኳ ሲዞር የሰው በር፣
ዘበኛ አነቀው በመጨረሻ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ባሊንት፣ ዝም ካለ በኋላ፤
«ኪሷን ሰፋ ላድርጋት ብዬ ነበር፤
ምሳ ደረሰ፣ ሄድሁ ልበላ።»
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተኛች አንዲት ምሳ ሰዓት
ወንዝ እስኪሞላላት ኖሯል መጠበቋ በትዕግሥት።

አንድ ቃል ቀየርሁ። አንድ።
አስነሣሁት።
ሰባት ደቂቃ አለፈ፤ አልወደቀም፤
ስምንት፤ እኔ ግን አላመንሁም።
በዘጠነኛው «ተናገረ!» አለች ኢልዲኮ ከትከሻዬ በላይ፤
«ነገ ማታ፣ ስምንት ሜትር ከሠላሳ።»
እኔ እፎይ ሳልል፣ የደስ ደስ ሳላይ፣
ስልኩን አንሥታ ኖሯል፣ ጆንያ ሞልተው ይጠብቁ ብላ፣
ለጠባቂው፣ ለከንቲባው፣ ለዳር ሰፈሩ ሁላ።

ማኮ ውስጥ ሽማግሌው ወደ ሽንኩርቱ ተመልሷል።
«አዎ»ን የነካሁበት ጣቴ እስካሁን ይበላኛል።
ወጣሁ ወደ ድልድዩ።
ቲሳ ደፍርሶ፣ ግንድ ተሸክሞ ይሄዳል፣
አስተርጓሚ አይሻም፤ የሚለውን ይላል።